የሠፈራችን ጐርፍ ከወዴት ይመጣል? በምንስ ይገታል?

በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተዘጋጀ ትምህርታዊ ጽሑፍ



«ውኃ ሕይወት ነው» እየተባልን አድገናል። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ይኸው ሕይወት የተባለው ውኃ መንገዱን ያጣ እንደ ሆነ ቤት ያፈርሳል፤ ግንብ ይንዳል፤ የሰው ነፍስም ያጠፋል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን በሌሊት ባጥለቀለቃት ጊዜ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በአዲስ አበባም በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. የጣለው ኀይለኛ ዝናብ የሰው ሕይወት የቀጠፈ ጐርፍ አስከትሏል።

እንዲህ ያለ መከራ በደረሰ ቍጥር አንዳንዱ ሰው «የክረምት ነገር ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ አንዳንዱም ጥፋቱን ሁሉ ወንዙ ላይ ይጥላል። ወንዝ ግን ከየግቢው፥ ከየጣራውና ከየመንገዱ የተላከለትን ውኃ ተቀብሎ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። ስለዚህ ስለ ጐርፍ ለማወቅ የሚሻ ሰው ትምህርቱን መጀመር የሚገባው ከራሱ ደጅ ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ ባንድ ትንሽ የመኖሪያ ሠፈር ውስጥ የዝናብ ውኃ እንዴት ጐርፍ እንደሚሆን፥ መጠኑ በሒሳብ እንዴት እንደሚገመትና በትንሽ ወጪ በምን መንገድ ሊገታ እንደሚችል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሀ/ ስለ ከተማችን አቀማመጥና ስለ ዝናቧ

አዲስ አበባ የተቀመጠችው ተዳፋት በሆነ መሬት ላይ ነው። በስተሰሜን ያለው የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖረው፥ በስተደቡብ ያለው የአቃቂ ሜዳ ወደ 2100 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። በዚህም ምክንያት የቀበና፥ የግንፍሌ፥ የባንቲ ይቀጡና የሌሎቹም ወንዞች ውኃ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። በመጨረሻም በትልቁና በትንሹ አቃቂ አማካይነት ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል።

በከተማችን በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ 1100 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛው የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነውና፥ በዓመት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከ1000 ሊትር በላይ ውኃ ይወርዳል ማለት ነው። ይህ ውኃ ቀስ ብሎ በዓመቱ ውስጥ ተከፋፍሎ ቢወርድልን ኖሮ በረከት ብቻ በሆነ ነበር። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ግን ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ በድንገት ይመጣና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብዙ ውኃ አፍስሶ ይሄዳል። ጐርፍን የሚወልደውም ከዓመቱ ዝናብ ብዛት ይልቅ የአንዲቱ ግማሽ ሰዓት ዝናብ ኀይል ነው።

ለ/ ቤት ሲሠራ ምን ይለወጣል?

ሣር ባለበት መሬት ላይ ዝናብ ሲወርድ ውኃው አራት ዐይነት ዕድል አለው። ጥቂቱ በቅጠል ላይ ይቀራል፤ ጥቂቱ በትንንሽ ጐድጓዳ ስፍራ ይቋጠራል፤ ብዙው ወደ አፈር ውስጥ ይሰርጋል፤ የቀረው ብቻ በላይ በላይ እየሄደ ጐርፍ ይሆናል። የዛፍና የሣር ሥሮች አፈሩን ስለሚበሱትና ስለሚያላሉት መሬቱ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ውኃውን ይመጣል።

በዚያው መሬት ላይ ሠፈር በተመሠረተ ጊዜ ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ዛፉ ይቈረጣል። ጣራው የቆርቆሮ ክዳን ይሆናል። ግቢው እንዳይጨቀይ ተብሎ ሲሚንቶ ይፈስበታል፤ መንገዱም አስፋልት ወይም ኮብል ስቶን ይነጠፍበታል። ባዶ የቀረውም መሬት በሰውና በመኪና ስለሚረገጥ ይጠጥራል። ስለዚህ ቀድሞ ይሰርግ የነበረው ውኃ መግቢያ አጥቶ በላይ በላይ ይሮጣል።

ከዚህም ሌላ የሚለወጥ ነገር አለ፤ እርሱም ፍጥነት ነው። ውኃ በሣር ውስጥ ሲያልፍ እየተሰናከለ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በለሰለሰ ሲሚንቶና በቱቦ ውስጥ ግን የሚያግደው ስለሌለ ይፈጥናል። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው የአንድ ነገር የእንቅስቃሴ ጕልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። እንግዲህ የውኃው ፍጥነት እጥፍ ቢሆን፥ እያንዳንዱ ሊትር ውኃ የሚይዘው ጕልበት አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ትናንት ጠጠር እንኳ ሊያነሣ ያልቻለ ፈሳሽ ዛሬ ድንጋይ የሚያንከባልለው ስለዚህ ነው።

ሐ/ ነገሩ በሒሳብ ሲገመት

መሐንዲሶች ላነስተኛ ስፍራ የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። ይኸውም የዝናቡን መጠን በመሬቱ ስፋት አብዝቶ፥ ከዚያም ከወረደው ውኃ ውስጥ ጐርፍ በሚሆነው ድርሻ ማባዛት ነው። ይህ ድርሻ ለቆርቆሮ ጣራ 0.90፥ ለሲሚንቶና ለተነጠፈ መንገድ 0.85፥ ሣር ላለበት መሬት ደግሞ እንደ አፈሩና እንደ ተዳፋቱ ወደ 0.25 ገደማ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። 0.25 ማለት ከመቶ እጅ ሃያ አምስቱ ጐርፍ ይሆናል፥ ሰባ አምስቱ ግን ይቀራል ማለት ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ስፋቱ አንድ ሄክታር፥ ማለት 10,000 ካሬ ሜትር የሆነ፥ 40 ቤቶች ያሉበት ሠፈር አለ እንበል። የያንዳንዱ ቤት ጣራ 100 ካሬ ሜትር ቢሆን ጣራው በጠቅላላው 4000 ካሬ ሜትር ይሆናል። መንገዱና ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግቢ በየበኩላቸው 2000 ካሬ ሜትር ይሁኑ፤ ሣርና አትክልት ያለበትም 2000 ካሬ ሜትር ይሁን። በግማሽ ሰዓት ውስጥ 30 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል በሠፈሩ ላይ የሚወርደው ውኃ 300 ሜትር ኪዩብ ነው።

ሠፈሩ ከመመሥረቱ በፊት፥ ቦታው ሁሉ ሣር ሳለ፦ 300 × 0.25 = 75 ሜትር ኪዩብ ጐርፍ ይወጣው ነበር።

ሠፈሩ ከተመሠረተ በኋላ፦ ከጣራው 108፥ ከመንገዱና ከሲሚንቶው 102፥ ከሣሩ 15፤ በድምሩ 225 ሜትር ኪዩብ ይወጣል።

ጐርፉ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህንን ባይናችን እንድናየው በ200 ሊትር በርሜል እንስፈረው። ቀድሞ 375 በርሜል ይወርድ ከነበረበት ቦታ አሁን 1125 በርሜል ይወርዳል፤ ያውም በግማሽ ሰዓት ውስጥ። ዝናቡ አንዲት ጠብታ እንኳ አልጨመረም። የጨመርነው እኛ ነን።

መ/ ግንብ ለምን ይናዳል?

በተዳፋት ሠፈር ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራው የድጋፍ ግንብ መናድ ነው። ብዙ ሰው ግንብ የሚወድቀው ድንጋዩ ስለ ሳሳ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን የሚጥለው ከኋላው የተጠራቀመው ውኃ ነው። የውኃ ግፊት ከጥልቀቱ ጋር ይጨምራልና፥ ቁመቱ 2 ሜትር ከሆነ ግንብ ኋላ ውኃ እስከ ጫፉ ቢሞላ፥ ከግንቡ ሥር ያለው ግፊት በካሬ ሜትር ወደ 2 ቶን ይደርሳል። በጠቅላላው ሲታሰብ በያንዳንዱ ሜትር የግንብ ርዝመት ላይ የሚያርፈው ጕልበት 2 ቶን ያህል ነው። ርዝመቱ 10 ሜትር ቢሆን 20 ቶን ይገፋዋል ማለት ነው። ይህም ከኋላው ካለው አፈር ግፊት ሌላ ነው።

መድኀኒቱ ግን ቀላል ነው። ግንቡ ሲሠራ ውኃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ይተዉለታል፤ ከቀዳዳዎቹም ኋላ አፈር እንዳይደፍናቸው ጠጠር ይሞላል። ውኃው ከወጣ ግፊቱ አይኖርም። «ግቢዬ ቈሸሸ» ብሎ እነዚህን ቀዳዳዎች በሲሚንቶ የሚደፍን ሰው ግን ባለማወቅ በገዛ ቤቱ ላይ አደጋ ይጋብዛል።

ሠ/ ጐርፉን ለመግታት ምን ማድረግ ይቻላል?

ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መፍትሔ አንድ ብቻ ነው፤ ውኃውን ሰፋ ባለ ቦይ ቶሎ ከሠፈር ማስወጣት። ቦይ አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ቦይ ብቻውን ጐርፍን አያጠፋውም፤ ወደ ታችኛው ሠፈር ያስተላልፈዋል እንጂ። የላይኛው ሠፈር ቦይ በሰፋና በለሰለሰ መጠን የታችኛው ሠፈር መከራ ይጨምራል። ስለዚህ ጥሩ ዘዴ የሚባለው ውኃውን በወረደበት ቦታ መያዝ፥ ማዘግየትና ማስረግ፥ ትርፉን ብቻ በቦይ ማስኬድ ነው። ይህንን በአምስት ከፍዬ እገልጻለሁ።

1ኛ/ የጣራ ውኃ ማጠራቀም። በየጣራው ጠርዝ አሸንዳ አድርጎ ውኃውን ወደ ሮቶ ወይም ወደ በርሜል ማግባት ነው። ይህ ውኃ ለልብስ ማጠቢያ፥ ለቤት መወልወያና ለአትክልት ያገለግላል። ለመጠጥ ግን ጣራ ላይ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚኖር እንዲሁ አይጠጣም። ማጠራቀሚያው ትንኝ እንዳይራባበት መከደን አለበት። ከሁሉ የበለጠ መታወቅ ያለበት ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ሞልቶ የተቀመጠ ሮቶ ለነገው ጐርፍ አይረዳም። በክረምት በየዕለቱ ስለሚዘንብ ውኃውን መጠቀም፥ ካልሆነም ዝናቡ ካባራ በኋላ ቧንቧውን ጥቂት ከፍቶ በሌሊት ቀስ ብሎ ወደ አትክልቱ እንዲፈስ መተው ያስፈልጋል።

2ኛ/ የማስረጊያ ጕድጓድ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፥ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ ጕድጓድ ተቈፍሮ ድንጋይ ይሞላበታል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ከጕድጓዱ ከመቶ አርባው ያህል ቢሆን 600 ሊትር ውኃ ይይዛል፤ ውኃውም ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰርጋል። ይሁን እንጂ ጕድጓዱ በሁሉም ስፍራ አይቈፈርም። ከቤት መሠረት፥ ከድጋፍ ግንብ በላይ ካለ ቦታና ከመጸዳጃ ጕድጓድ መራቅ አለበት። እንደዚሁም መሬቱ ዋልካ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ግን ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ካበጠም በኋላ ውኃ አያሳልፍም። ስለዚህ በከተማችን ዝቅተኛ ሥፍራዎች ጥቁር አፈር ባለበት ሠፈር ከማስረግ ይልቅ ማጠራቀምና ማዘግየት ይሻላል።

3ኛ/ ሲሚንቶን መቀነስ። ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ መሆን አያስፈልገውም። መኪና የሚቆምበትና ሰው የሚመላለስበት ብቻ ተነጥፎ የቀረው ለሣር፥ ለጐመንና ለፍሬ ዛፍ ቢተው ውኃውም ይሰርጋል፤ ቤተ ሰቡም ይጠቀማል።

4ኛ/ የጋራ ማቆያ። ከሠፈሩ በታች በኩል ባለው ክፍት ቦታ ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ፥ 30 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ያለ የሣር ሜዳ ቢዘጋጅ 30 ሜትር ኪዩብ ውኃ ለጊዜው ይይዛል። ዝናቡ ሲያባራ ውኃው በትንሽ ቱቦ ቀስ ብሎ ይወጣል። በቀሩት ቀኖች ሁሉ ሜዳው የልጆች መጫወቻ ነው። በዝናብ ሰዓት ግን ልጆች እንዳይገቡበት መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

5ኛ/ የቦይ አሠራርና ጽዳት። ቦዩ በጣም ተዳፋት በሆነ ስፍራ የሚያልፍ እንደ ሆነ በደረጃ መልክ ተሠርቶ ከሥሩ ሻካራ ድንጋይ ቢደረግበት የውኃው ፍጥነት ይበርዳል። ከሁሉ በላይ ግን ቦይ መጽዳት አለበት። የፕላስቲክ ጠርሙስና ፌስታል የሞላበት ቦይ ቦይ አይባልም። የጽዳቱም ጊዜ ሰኔ ከመግባቱ በፊት፥ በግንቦት ወር ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእሳት ብቻ አይደለም፤ ለውኃም ይሠራል።

ረ/ የነዚህ ሁሉ ድምር

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስና እነዚህ ዘዴዎች በርግጥ ይጠቅሙ እንደ ሆነ እንመርምር። ከሠፈሩ የሚወጣው ጐርፍ 225 ሜትር ኪዩብ እንደ ነበረ አይተናል።

አርባዎቹ ቤቶች እያንዳንዳቸው ባለ 2000 ሊትር ባዶ ሮቶ ቢኖራቸው 80 ሜትር ኪዩብ ይያዛል፤ 145 ይቀራል።

እያንዳንዱ ግቢ አንድ የማስረጊያ ጕድጓድ ቢኖረው 24 ሜትር ኪዩብ ይያዛል፤ 121 ይቀራል።

የግቢው ሲሚንቶ እኩሌታው፥ ማለት 1000 ካሬ ሜትሩ፥ ወደ ሣር ቢመለስ 18 ሜትር ኪዩብ ይቀነሳል፤ 103 ይቀራል።

የጋራው ሜዳ 30 ሜትር ኪዩብ ቢያቆይ 73 ይቀራል።

ሠፈሩ ከመመሥረቱ በፊት ከዚያ መሬት ይወጣ የነበረው 75 ሜትር ኪዩብ ነበር። እንግዲህ አርባ ቤተ ሰብ በዚያ ቦታ ላይ እየኖረ፥ ከበታቹ ላለው ሠፈር ግን መሬቱ እንደ ጥንቱ ሣር እንደ ሆነ ያህል ነው። ከዚህ ስሌት የምንማረው ሌላም ቁም ነገር አለ። አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን ሮቶና ጕድጓድ ቢያዘጋጅ የሚይዘው 2.6 ሜትር ኪዩብ ብቻ ነው። ይህን አይቶ «የኔ ምን ይፈይዳል?» ሊል ይችላል። አርባዎቹ ሲደመሩ ግን ከ100 ሜትር ኪዩብ በላይ ይይዛሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» እንደ ተባለው ነው።

ሰ/ ከአባቶቻችን የምንማረው

ይህ ትምህርት ካገራችን ውጭ የመጣ አዲስ ነገር ሊመስለን አይገባም። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ዐለት የፈለፈሉት አባቶቻችን ቤተ መቅደሱን ብቻ ሠርተው አልቆሙም። በጕድጓድ ውስጥ የቆመ ሕንፃ ክረምት ሲገባ በውኃ እንደሚሞላ ዐውቀው የዝናቡ ውኃ የሚወጣባቸውን ቦዮች አብረው በዐለቱ ውስጥ ፈልፍለዋል።

የኮንሶ ሕዝብም በድንጋይ የካበው እርከን በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እርከኑ ሦስት ሥራ ባንድነት ይሠራል፦ አፈሩ እንዳይታጠብ ይይዛል፤ ውኃው እንዲሰርግ ያቆማል፤ ትርፉንም ጕዳት ሳያደርስ ያሳልፋል። ከላይ በአምስት የከፈልሁት ዘዴ ሁሉ ባጭሩ ቢነገር ከዚህ አይወጣም።

ገበሬዎቻችንም በእርሻቸው ላይ ትርፍ ውኃ የሚወጣበትን «ፈሰስ» ያወጣሉ። ነገር ግን ፈሰሱ ያለ ምክክር ወደ ጎረቤት ማሳ የተለቀቀ እንደ ሆነ የታችኛውን ሰው አፈር ይጠርጋል፤ ጠብም ያስነሣል። የከተማውም ጠብ ከዚህ የተለየ አይደለም።

አፈሩ የሚያርፍበትንም ቦታ መርሳት አይገባም። ከየሠፈሩና ከየማሳው የታጠበው አፈር ታች ወርዶ ደለል ይሆናል። ካገራችን የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኀይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል ግድቡ በደለል ስለ ተጐዳ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ኖሮ በኋላ ታድሷል። ከየደጃችን የሚወጣው ቡናማ ውኃ ሩቅ አገር የሚያደርሰው ጕዳት ይህን ያህል ነው።

ሸ/ በሠፈራችን የሆነው

ከዚህ በላይ የጻፍሁት ሁሉ የመጽሐፍ ነገር ብቻ እንዳይመስል፥ እኔ በምኖርበት ተዳፋት ሠፈር በ2014 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን ልናገር። ከላይ በኩል ያለ አንድ ግቢ መኪና በቀላሉ እንዲገባለት በመንገዱ ዳር የነበረውን ቦይ በአፈር ደፍኖ ሲሚንቶ አፈሰሰበት። በሐምሌ ወር አንድ ቀን ማታ ኀይለኛ ዝናብ ጣለ። ውኃውም የለመደውን ቦይ ስላጣ በመተላለፊያው መንገድ ወርዶ ከሁሉ በታች እንጀራ እየጋገሩ በሚተዳደሩ አንዲት እናት ግቢ ገባ። ጤፋቸው ረጠበ፤ የጭቃ ማድ ቤታቸውም አንድ ጎን ተደረመሰ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ በዚያ ሰዓት ከውስጥ ማንም አልነበረም።

ነገሩ በዕድር ስብሰባ ላይ ተነሣና ክርክር ሆነ። ከላይ ያሉት «ውኃ ቁልቁል መውረዱ የኛ ጥፋት ነውን?» አሉ። ከታች ያሉት ደግሞ «የናንተን ጣራ ውኃ የምንጠጣው እኛ ነን!» ብለው ተቈጡ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው፥ «ልጆቼ፥ ዝናቡን የሚያዘንበው እግዚአብሔር ነው፤ ቦዩን የደፈነው ግን ሰው ነው። ሰው የደፈነውን ሰው ይክፈተው» አሉ። ባለ ግቢውም እሺ ብለው ሲሚንቶውን አስፈርሰው ከመግቢያቸው ሥር ሰፊ ቱቦ አስቀበሩ። የሠፈሩም ወጣቶች ሁለት ቅዳሜ ቦዩን ጠረግን፤ ማድ ቤቱንም ዕድርተኛው ተባብሮ አቆመ።

በተከታዩ ክረምት ውኃው በመተላለፊያው አልወረደም። ነገር ግን ሥራው አልቋል ማለት አይደለም። ዛሬም ከላይ ካሉት ቤቶች አሸንዳ የሌላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ውኃውም መንገዱን አገኘ እንጂ መጠኑ አልቀነሰም። ቦዩም የተጠረገው ለአንድ ዓመት ነው፤ በየዓመቱ ካልተጠረገ ተመልሶ ይደፈናል።

ቀ/ ተማሪ ምን ሊሠራ ይችላል?

አሸንዳና ሮቶ መግዛት የወላጆች ፈንታ ነው። ተማሪ ግን መለካት ይችላል። ውድ ጓደኞቼ፥ በቤታችሁ ልትሞክሩት የምትችሉትን ሁለት ቀላል ፈተና ላመልክታችሁ።

የመጀመሪያው ዝናብን መለካት ነው። አፉና ሥሩ እኩል ስፋት ያለው፥ ጎኑም ቀጥ ያለ ጣሳ ከዛፍና ከጣራ ርቆ በተደላደለ ስፍራ ይቀመጥ። ዝናቡ ካባራ በኋላ በማስመሪያ ሲለካ በጣሳው ውስጥ ያለው የውኃ ቁመት በሚሊሜትር የዝናቡ መጠን ነው። ይህንን በቤታችሁ ጣራ ስፋት በካሬ ሜትር ብታበዙት ከጣራችሁ ላይ ስንት ሊትር እንደ ወረደ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው የአፈርን ስርገት መለካት ነው። 30 ሳንቲሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ትንሽ ጕድጓድ ቈፍራችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ውኃ እየሞላችሁ አስጠጡት። አፈሩ በደንብ ከጠጣ በኋላ እንደ ገና ሞልታችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውኃው ስንት ሳንቲሜትር እንደ ወረደ ለኩ። ብዙ ከወረደ የማስረጊያ ጕድጓድ ይጠቅማችኋል። ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙም ካልበለጠ ግን መሬታችሁ ውኃ አይቀበልምና ወደ ሮቶና ወደ ማቆያ ማተኰር ይሻላል። ፈተናው ሲያልቅ ሰው እንዳይሰናከልበት ጕድጓዱን መድፈን አትርሱ።

እነዚህን ቍጥሮች በደብተር ጽፎ ለአባትና ለእናት፥ ከዚያም ለዕድር ማሳየት ከብዙ ክርክር ይበልጣል። «የናንተ ውኃ ነው፥ የኛ አይደለም» የሚባለው ጠብ የሚበዛው መጠኑን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነውና።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ካነበብነው የምንረዳው ጐርፍ ከሰማይ ተሠርቶ የሚመጣ ነገር አለመሆኑን ነው። ከሰማይ የሚመጣው ዝናብ ነው፤ ዝናቡን ጐርፍ የሚያደርገው ግን የጣራችን፥ የግቢያችንና የመንገዳችን አሠራር ነው። ከዚህም የተነሣ መፍትሔው በየደጃችን ይገኛል። ከላይ ያለ ሰው ውኃውን በግቢው ቢይዝ ከታች ያለው ጎረቤቱ ሌሊቱን ሳይሠጋ ይተኛል። ከታች ያለውም ቦዩን ቢጠርግ የላዩ ውኃ መውጫ ያገኛል።

ክቡራን ወላጆቻችን፤ በመጪው ግንቦት ቦይ የሚጠርግ ሰው ሲፈለግ እኛን ልጆቻችሁን ጥሩን፤ አካፋና ዶማ ይዘን እንመጣለን። እናንተም በበኩላችሁ አዲስ ቤት ስትሠሩ ወይም ግቢ ስታስነጥፉ «ይህ ውኃ ከኔ ደጅ ወጥቶ ወዴት ይገባል?» ብላችሁ እንድትጠይቁ በትሕትና አሳስባለሁ።